ሳሙና ተብሎ የተጻፈው

የድሮ ሱቅ ናፋቂ ነኝ። ሰው ስለ ፖለቲካ ሲያወራ፣ ስለ ኳስ ሲከራከር እኔ በሆነች ቀዳዳ ገብቼ ወሬውን አሰበ ተፈሪ አደርሰዋለሁ። አሰበ ተፈሪ ከደረሰ ደግሞ ሱቅ ሳይገባ አይመለስም። ስለ ባንኮኒው፣ ስለ ሚዛኑ፣ ከጣሪያው በሲባጎ ስለተንጠለጠለው ኮንጎ ጫማ እተርካለሁ። ድምፄ ሻከር ይላል። ወዳጆቼ ሰዓታቸውን ያያሉ። አንደኛው እንዲያውም «አሁን ላምባ ሊሸተው ነው» ብሎ ይቀድመኛል። እውነቱን ነው፤ ቀጥዬ የማነሣው ስለ ላምባ ሽታ ነው።

ባለቤቴ ከሁሉም የባሰች ናት፤ እሷ ታዳምጠኛለች። አንድ ቀን እንግዳ ፊት «ሱቅ እንዲህ ከወደድክ በራችን ላይ ያለው ልጅ ምን በደለህ? ከከፈተ ጀምሮ አንድ ክብሪት ገዝተኸው ታውቃለህ?» አለችኝ። አላውቅም። እኔ የምገዛው አስፋልት ተሻግሬ ከሱፐርማርኬት ነው፤ ጋሪ እየገፋሁ፣ ዋጋ እያነበብኩ፣ ማንም ሳያናግረኝ። ልጁ ዘንድ ብቅ የምለው ወር መጨረሻ ላይ፣ ኪሴ ሲከዳኝ ነው። ያኔ «እንዴት ነህ ወንድሜ፣ ሥራ እንዴት ይዞሃል?» እላለሁ። ልጁም አራዳ ነው፤ ጤንነቱን ስጠይቀው ወሩ ስንት እንደገባ ያውቃል።

እንግዲህ ከተጋለጥኩ አይቀር ልናዘዝ። የምናፍቀው ሱቁን አይደለም፤ ዱቤውን ነው። ያውም ያልከፈልኩትን ዱቤ።

አሰበ ተፈሪ፣ ዛሬ ጭሮ የምንላት፣ ትልቅ ሰው እጁን ያሳረፈባት ከተማ ናት። ሩሲያ ተምረው የመጡት ፊታውራሪ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም በ1910ዎቹ የጨርጨር ገዥ ሆነው ሲሾሙ አውራጃውን የአዲስ አስተዳደር ናሙና ሊያደርጉት ተነሡ። ከተማዋም የአልጋ ወራሹን የተፈሪን ስም ይዛ አደገች። እኒሁ ሰው ናቸው የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት፣ ጄኔቭ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው ስለ ኢትዮጵያ የተሟገቱት፣ «ፋቡላ»ን ጽፈው የአማርኛ ተውኔትን የጀመሩት። ናሙና እንድትሆን የታሰበች ከተማ ናሙና ዜጋ ታፈራለች ተብሎ ይጠበቃል። ብዙ አፍርታለች፤ እኔን ከቁጥሩ አውጡኝ። የሰውየውን የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ ገዝቼ መደርደሪያዬ ላይ ከሰቀልኩት ዓመታት አልፈዋል። እንግዳ ሲመጣ «የአገሬ ሰው» እያልኩ አሳያለሁ እንጂ ጨርጨር ላይ ስደርስ ዕልባት አድርጌበት እንደቆመ አልናገርም። ዕልባቱ ፖስታ ነው። ወደ ፖስታው እመጣለሁ።

የጅቡቲው ባቡር በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ሲገባ 784 ኪሎ ሜትር አቋርጦ ነው። የጨርጨርን ተራራ ግን አልደፈረም፤ ከግርጌው በአሰቦትና በሚኤሶ አድርጎ አለፈ። ስለዚህ ለእኛ ዕቃ የሚመጣው ከሐዲዱ ወርዶ፣ ወይ ከድሬዳዋ ተጭኖ፣ በመኪና ሽቅብ እየተጎተተ ነበር። እኔ በደረስኩበት ዘመን የሚጎትተው ኤንትሬ ነው፤ ማታ ማታ ዳገቱ ላይ ሲያቃስት አልጋችን ውስጥ ሆነን እንሰማዋለን። ኤንትሬው በገባ ማግስት የሐጂ ሱቅ ይጠባል።

ሐጂ ሌላ ስም ነበራቸው፤ ማንም በእሱ አይጠራቸውም።

በሩ ሁለት ተካፋች፣ ሰማያዊ የተቀባ ጣውላ ነው። ሲገቡ መጀመሪያ ጨለማ፣ ቀጥሎ ሽታ ይቀበላል፤ ላምባ፣ በርበሬ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ የልብስ ሳሙና፣ ያልታጠበ አቡጀዲ፣ ሁሉም በአንድነት። ስኳሩም በዚሁ ምክንያት ላምባ ላምባ ይል ነበር። (ስተርክ ይህችን እዘላታለሁ።) ባንኮኒው ለእኔ ከደረት በላይ ነው። በአንድ ጎኑ በማጠፊያ ወደ ላይ የሚነሣ ክዳን አለው፤ በእሱ የሚያልፉት ሐጂና ልጃቸው ብቻ ናቸው። ከጀርባቸው ያለው መደርደሪያ እስከ ጣሪያ ይደርሳል፤ ፋኖስ፣ የፋኖስ ብርጭቆ፣ የራዲዮ ድንጋይ፣ መርፌ፣ ወስፌ፣ የሸሚዝ ቁልፍ፣ የሕፃን ጡጦ፣ ሽርጥ፣ ሻሽ፣ ካኪ፣ ሚስማር በኪሎ፣ ጉለሌ ሳሙና፣ ደስታ ከረሜላ፣ የአይጥ መርዝ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ጎን ለጎን ነበሩ። ተርፈን አደግን።

ሐጂ ዕቃ ሲፈልጉ አይቼ አላውቅም። ዓይናቸውን ከገዢው ሳያነሡ እጃቸውን ወደ ኋላ ሰደድ ያደርጋሉ፤ የተጠየቁት ዕቃ እጃቸው ውስጥ ይገኛል። ጋዜጣውን በአንድ እጅ ሾጠጥ አድርገው ይጠቀልሉና ግርጌውን ቀጨም ያደርጉታል፤ ክር አያስፈልገውም፤ ቤት እስኪደርስ አንዲት ፍሬ ስኳር አታመልጥም። ለመመዘን ግን ሌላ ጥበብ አላቸው። ስኳሩን መጀመሪያ በማንኪያ ዘርገፍ፣ ከዚያ በጣት ጫፍ ጠብ ጠብ ያደርጋሉ። የሚዛኑ ክንድ ሊስተካከል ጥቂት ሲቀረው፣ ልክ ሊስተካከል ሲል፣ «ቢስሚላህ» ብለው ሳህኑን ያነሡታል። እኔ ያን ጊዜ በረከት ይመስለኝ ነበር።

እኔም ዝም ብዬ አልተበላሁም። ሳንቲም መልስ ሲጠፋ ሐጂ በከረሜላ ያካክሳሉ። መልስ የሚጠፋው ጠዋት፣ የሣጥኑ ሆድ ገና ባዶ ሲሆን ነው። እናቴ ከሰዓት በኋላ ሂድ ያለችኝን እኔ በጠዋት እሮጣለሁ። «ታዛዥ ልጅ» እየተባልኩ ስሙኒዋን በከረሜላ በላሁባት።

መጠቅለያ ወረቀቱ ቤተ መጻሕፍታችን ነበር። ያረጀ «አዲስ ዘመን»፣ የተቀደደ ደብተር፣ የሆነ መሥሪያ ቤት የጣለው ቅጽ፤ ቡናው ቆሎው ካለቀ በኋላ ቁጭ ብሎ ይነበባል። አንድ ቀን እናቴ የበርበሬውን ጥቅል ስትፈታ ውስጡ የሒሳብ ፈተና ወረቀት ነው። በቀይ እስክሪብቶ፣ ከሃያ ሦስት። ስሙ የእኔ። እኔ ደግሞ «ወረቀቱ አልተመለሰልንም» ብዬ ምዬ ነበር። እውነትም አልተመለሰም፤ መምህሩ ያረጀ ወረቀት ለሱቅ በኪሎ ይሸጡ ኖሯል። የመምህር ደመወዝ ምን እንደሆነ ስለማውቅ አልፈርድባቸውም። ግን ያ ሁሉ ተማሪ፣ ያ ሁሉ ወረቀት፣ ያ ሁሉ ቤት እያለ! እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ የስሜን ቅርፅና የቀይ ቀለምን ትርጉም ግን ጠንቅቃ ታውቃለች። በርበሬውን ወጥ ሠራችበት፤ ወረቀቱን አባቴ እስኪመጣ መሶብ ሥር አስቀመጠችው።

ይህን ታሪክ ለወዳጆቼ ስነግር ፈተናውን አነሣለሁ፣ ሦስቱን አላነሣም። «የእኛ ሱቅ ከሰው ሕይወት ጋር የተሳሰረ ነበር» ብዬ እቋጨዋለሁ።

ወደ ዋናው ኃጢአት ልለፍ። ቤታችን እንደ ማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ ቤት በዱቤ ነበር የሚከርመው። ሁለት ደብተር አለ፤ አንዱ ሐጂ ዘንድ፣ አንዱ እኛ ዘንድ። ዕቃ ሲወሰድ ሁለቱም ላይ ይጻፋል፤ አባቴ ደመወዝ ሲቀበል ሁለቱን አስተያይቶ ይዘጋዋል። ሐጂ ለሶላት ሲሄዱ ባንኮኒው ላይ የሚቆመው ልጃቸው ነው። ልጃቸው ደግሞ የክፍሌ ልጅ፣ የወንበሬ ልጅ ነው።

አሥራ አንደኛ ክፍል ስንደርስ ሲጋራ ጀመርን። «ጀመርን» ስል እኔ ጀመርኩ፤ እሱ ዘመኑን ሁሉ አላጨሰም። ኒያላ በፍሬ ይሸጣል። እኔ ፍራንክ የለኝም፤ ደብተር ግን አለኝ። የመጀመሪያውን ቀን ብዕሩን አንሥቶ «ምን ብዬ ልጻፈው?» አለኝ። ጥቂት አሰብኩና «ሳሙና» አልኩት።

እስከ ዛሬ ካሰብኳቸው ነገሮች ሁሉ ብልሁ እሱ ሳይሆን አይቀርም። ሳሙና ያልቃል፤ ዱካ አይተውም፤ የት አደረሳችሁት ተብሎ አይጠየቅም። የረሳሁት ነገር ቢኖር አባቴ የወር መጨረሻ ላይ ደብተሩን ጮክ ብሎ እንደሚያነብ ነው።

«ስኳር። ሳሙና። ላምባ። ሳሙና። ሳሙና። ክብሪት። ሳሙና።» መነጽሩን አውልቆ ቤተሰቡን አንድ በአንድ አየና የሸሚዜ ኮሌታ ላይ ቆመ። «ይህን ሁሉ ሳሙና ጨርሰን ይሄ ልጅ ሊጠራ አልቻለም?»

ጥርጣሬው እናቴ ላይ አረፈ። ለጎረቤት ትሰጣለች፣ ለእህቷ ትልካለች ተባለ። እሷ ማለች፤ ተገዘተች። እኔ ጥግ ይዤ አዳምጣለሁ። ማዳመጥ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ «እማዬ፣ ቆጥቢ እንጂ» ማለቴ ትዝ ይለኛል።

አባቴ በማግስቱ ሐጂን «ሳሙና እንዳትሰጡብኝ» ብሎ አስጠነቀቀ። እኔና ወዳጄም በስሜ የራሴን ገጽ ከፈትን፤ አዲስ አበባ ገብቼ ሥራ ስይዝ የምከፍለው። በክረምቱ፣ በ1983፣ ስነሣ ገጹ ላይ አንድ ሸሚዝ፣ አንድ ጥንድ ሸራ ጫማና ብዙ ሳሙና ነበረበት። ድምሩ 43 ብር ከሽልንግ። ከዚህ ውስጥ «ሳሙናው» 11 ብር ነው።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ነገር እኔ ብቻ አላደረግሁትም፤ መንግሥትም አግዞኛል። ከተማዋን ስለቅ ደርግ ከወደቀ ገና ወራት ነበር፤ ዕዳዬም አብሮ የወደቀ መሰለኝ። በ1985 የዶላር ምንዛሪ ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር ሲወጣ «አሁን ብከፍል ሐጂ ይከስራሉ፣ ይረጋጋ» አልኩ። የከተማዋ መጠሪያ ጭሮ ሲሆን ደግሞ አሰበ ተፈሪ ላይ የተበደርኩትን ጭሮ ላይ መክፈል ሕጋዊ መሆኑ አጠራጠረኝ። በመጨረሻ የተክለሐዋርያትን መጽሐፍ በገዛሁ ሰሞን ኅሊናዬ ቆጠቆጠኝና አንድ ባለ 50 ብር ኖት ፖስታ ውስጥ ከተትኩ፤ መልሱን ከረሜላ ያድርጉት ብዬ። ሰው ሲሄድ እልከዋለሁ አልኩ። ሰው ይሄድ ነበር፤ ፖስታው ዕልባት ሆኖ ቀረ። በ2013 መስከረም ላይ ባለ 10፣ ባለ 50 እና ባለ 100 ብሩ ሁሉ ተቀየረ። ለመለወጫ ሦስት ወር ተሰጠ። እኔ ፖስታውን ያስታወስኩት በአራተኛው ነው።

እዚህ ላይ ራሴን ብቻ ሳይሆን ናፍቆቴንም ልክሰስ። ናፍቆቴ ስለ ሐረርጌ ሱቅ ሲያወራ የማያነሣቸው ነገሮች አሉ። ገለምሶ፣ በደሳና መቻራ ቡና አገር ናቸው፤ ዓለም የሐረር ቡና ብሎ ከሚጠጣው ብዙው የሚወጣው ከእነዚህ ተራሮች ነው። አጎቴ ገለምሶ ሱቅ ነበረው። ገበሬው ክረምቱን ሙሉ ጨው፣ ስኳር፣ ላምባ፣ የልጅ ልብስ በዱቤ ይወስዳል፤ ቡናው ሲደርስ በቡና ይከፍላል። የዱቤውን ዋጋ የሚጽፈው ባለሱቁ ነው፤ የቡናውን ዋጋ የሚቆርጠውም ባለሱቁ ነው፤ ሚዛኑም የባለሱቁ ነው። አጎቴ ደግ ሰው ነው እየተባለ ይመሰገን ነበር። ደግነቱ ምን ላይ እንደነበረ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ባስላው አልወጣልኝ አለ። (አንድ ክረምት ሱቁን እንዳግዝ ወስዶኝ ነበር። «ከሃያ ሦስት ያመጣን ልጅ ሚዛን ላይ ያቆምኩት እኔ ነኝ ጥፋተኛው» ብሎ ከመስከረም በፊት መለሰኝ።)

ደርግ ሲመጣ የነጋዴው ተራ ደረሰ። ከ1967 በኋላ ብዙዎቹ የየመን ተወላጅ ባለሱቆች ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄዱ። የቀሩት ነጋዴዎች በስብሰባ ሁሉ «አሻጥረኛ» እየተባሉ ይወቀሳሉ። ስኳር በቀበሌ ሱቅ በራሽን ሆነ። ራሽኑ አያደርስም፤ የጎደለውን ሐጂ ከባንኮኒው ሥር ያወጡታል፤ ዋጋው የተለየ ነው፤ ሲሰጡም ሆነ ሲቀበሉ ሁለቱም ወደ በሩ ያያሉ። እኔ ዛሬ «ያ ምስጢራዊ ፍቅር» ብዬ የምተርከው መተያየት ይኸው ነው።

አሁን ደግሞ ቡናው በብዙ ማሳ ላይ ለጫት ቦታ ለቋል። ቡና በዓመት አንዴ ነው። ጫት ግን ይቀጠፋል፣ እንደገና ያቆጠቁጣል፣ እንደገና ይቀጠፋል፤ ብሩም በዚያው ቀን እጅ ይገባል። እጁ ላይ ብር ያለው ገበሬ ባለሱቅ ፊት ቆሞ አንገቱን አይደፋም። የድሮው ሱቅ ምን ገደለው ብላችሁ ብትጠይቁኝ ሱፐርማርኬት ከማለቴ በፊት ይህንን አስቀድማለሁ። አዲስ አበባ ሆኜ የገለምሶ ጫት በካሽ እየገዛሁ ለገለምሶ ሱቅ የማለቅሰውም እኔ ነኝ፤ ይህችም ትመዝገብልኝ።

በቅርቡ ለለቅሶ ጭሮ ሄድኩ። ከድንኳኑ ሹልክ ብዬ ሱቁን ፍለጋ ወጣሁ፤ ስልኬን ለፎቶ አዘጋጅቼ። በቦታው ላይ ፎቅ ቆሟል። ምድር ቤቱ የመስታወት በር፣ ነጭ አምፖል፣ ረድፍ ረድፍ መደርደሪያ፣ ጥግ ላይ ካሜራ። ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ከመጣ ወዲህ ከተማው በተማሪ ስለተሞላ ኑድልሱና የስልክ ቻርጀሩ ለብቻው ረድፍ አለው። ሽታ የሚባል የለም። ካሸሪዋ አጠገብ ወንበር ላይ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ወፍራም ሰውዬ ተቀምጧል።

«አቦ! አንተ ነህ እንዴ?»

ተቃቀፍን። ገና ሳልቀመጥ ወቀሳ ጀመርኩ። ሰማያዊው በር የት ሄደ? ሚዛኑስ? ባንኮኒውስ?

«ባንኮኒው አዲስ አበባ ገብቷል» አለኝ። «አንድ ሰው ካፌ ሊከፍት ነው፣ የድሮ ቤት ዓይነት፤ መጥቶ ጭኖት ሄደ።»

ንዴት ፊቴን አጋመው። ቅርስ እንዲህ ይሸጣል እንዴ ብዬ ረዘም ያለ ነገር ተናገርኩ። ሲበቃው ዋጋውን ነገረኝ። ዝም አልኩ። ትንሽ ቆይቼ ካፌው የትኛው ሰፈር እንደሆነ ጠየቅሁት።

«የእናንተ ናፍቆት ጥሩ ዋጋ ያወጣል» አለና ሳቀ። ቀጥሎ የተናገረውን ግን ሳይስቅ ነው። «አንተ እኮ ከባንኮኒው ፊት ነበርክ፤ እኔ ከኋላው ነበርኩ። ላምባ ስቀዳ ውዬ በዚያው እጄ ምሳ ስበላ አላየኸኝም። ኳስ ስትጫወቱ ድምፃችሁን እሰማለሁ፤ ክዳኑን አንሥቼ መውጣት አልችልም። አባባስ ቢሆኑ? ወገባቸውን ያጎበጣቸው ያ መደርደሪያ ነው። አሁን ሰዉ ዕቃውን ራሱ አንሥቶ ይመጣል፤ እኔ ቁጭ ብዬ ሻይ እጠጣለሁ። ይሄን ሳያዩ መሞታቸው ነው የሚቆጨኝ።»

የምመልሰው ስላጣሁ ወሬ ቀየርኩ። መንግሥት በ2016 ችርቻሮውን ለውጭ ባለሀብት መክፈቱን አነሣሁና አያሰጋህም ወይ አልኩት። ትከሻውን ሰበቀ። «ይምጡ። እኛን ሰው ያውቀናል።» ከዚያ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ አየኝ። «የሚያውቁን ሰዎች ደግሞ አይከፍሉም። አንተ፣ ያ ሳሙና!»

ካሸሪዋ ቀና አለች። ወደ ኑድልሱ ረድፍ ዞር ብዬ ዋጋ ማንበብ ጀመርኩ። አልተወኝም። ደርግን አነሣሁ፣ ምንዛሪውን አነሣሁ፣ ፖስታውን አነሣሁ። ፖስታው ላይ ስደርስ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

«ስማ» አለኝ። «አባባ ሊሞቱ ሰሞን ደብተሩን አስነበቡኝ። ዕዳ ያለበትን ሰው ሁሉ አፉ ሊሉ። ገጽ በገጽ። የሞተውንም፣ አሜሪካ የገባውንም። ያንተ ገጽ ጋ ስደርስ ‘ሸሚዝ’ አልኳቸው፤ ‘አፉ’ አሉ። ‘ሸራ ጫማ’ ስል ‘አፉ’። ‘ሳሙና፣ ሳሙና፣ ሳሙና’ ስላቸው ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው ‘አፉ፤ ንጹሕ ልጅ ነበር’ አሉ።»

ጉሮሮዬ ላይ የሆነ ነገር ተሰነቀረ። ግን የእኔ ነገር ሆነና ከሐዘኑ ይልቅ ሒሳቡ ቀድሞ ታየኝ። «እንግዲያው ተዘግቷላ» አልኩት።

«ምኑ ነው የተዘጋው? ሳሙናውን አፉ አሉህ። ሲጋራውን መቼ አወቁትና? ሲጋራ ብዬ ባነብላቸው መጀመሪያ የሚነሡት በእኔ ላይ ነበር። ስለዚህ 11 ብሩ አለ።»

ነገሩ በሸሪዓም በፍትሐ ብሔርም ሳያስኬድ አይቀርም። 11 ብር አውጥቼ ባንኮኒ በሌለበት ጠረጴዛ ላይ አኖርኩለት። ገፋ አደረገው። ስልኩን አውጥቶ ሒሳብ ጀመረ። በ1983 ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር፤ 11 ብር ማለት ከ5 ዶላር በላይ ነው። ከ2016 ሐምሌ ወዲህ ብር በገበያ ሆኗል፤ ዶላር ከ100 ብር አልፎ ሄዷል። ስለዚህ ዕዳዬ ከ500 ብር በላይ ነው። እኔ በበኩሌ ደብተሩ ላይ የተጻፈው በብር እንጂ በዶላር አይደለም ብዬ ሞገትኩ። እሱ ደብተሩ ላይ የተጻፈውማ ሳሙና ነው፣ በሳሙና እናስላው አለኝ። አንድ ሳሙና አንሥቶ ዋጋውን አሳየኝ። ወዲያው ዶላሩን መረጥኩ።

ለቅሶ ቤት ይጠብቁኛል ብዬ ተነሣሁ። የቴሌብር ቁጥሩን ሰጠኝ፤ ስልኬ ላይ መዘገብኩት። ስወጣ ለመንገድ ብዬ ውኃና ብስኩት ያዝኩና «ለድሮ ወዳጅ ቅናሽ የለም?» አልኩት። ካሸሪዋ ናት የሣቀችው።

ብሩን እስካሁን አልላክሁም። በዚያ ሳምንት ኔትወርክ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ኔትወርኩ መጣ፤ ግን የምንዛሪው ነገር በየቀኑ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ዛሬ ልኬ ነገ ቢወርድስ? ተመኑ እስኪረጋ እየጠበቅሁ ነው።